ባዮስ ለማደስ ዊንዶውስም ፍሎፒም ግዴታ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ በኮምፒውተር ጥገና የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝ ባለፈው ወር ከሞጣ የመጡ አንድ መምህር በብርድ ልብስ ጠቅልለው በአውቶቡስ ያመጡት ዴስክቶፕ ነው። መምህሩ ለዓመታት ኡቡንቱ የተባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ሲጠቀሙ የኖሩ ሲሆን፣ አዲስ ያስመጡትን ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ እንዲቀበልላቸው ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራውንና ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ለማሳደስ የሄዱበት ጥገና ቤት «ያለ ዊንዶውስ አይሆንም» ብሎ፣ ሳያስጠነቅቃቸው ዲስኩን ፎርማት አድርጎ፣ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ጫነባቸው። የሦስት ዓመት የፈተና ጥያቄና የተማሪ ውጤት ጠፋ፤ ባዮሱም ሳይታደስ ቀረ።

ባዮስ የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ይኑር ሊኑክስ አይመለከተውም። ባዮስ ለማደስ ፍሎፒ (የድሮውን ተነቃይ ዲስክ) የሚጠይቁት መመሪያዎች ደግሞ የተጻፉት የባዮሱ ፋይል በፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ውስጥ በሚገባበት ዘመን ነው፤ ዛሬ 16 ሜጋባይት የሆነ የባዮስ ፋይል ብርቅ አይደለም፣ ፍሎፒ ቢገኝ እንኳ አይችለውም።

አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን ማዘርቦርዶች ማደሻውን በራሳቸው ሴትአፕ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የባዮስ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይዘዋል። ፍላሹን ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት አድርጎ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደውን ፋይል ገልብጦ፣ ከሴትአፑ ውስጥ ማስጀመር ይበቃል። ለብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ኡቡንቱ ውስጥ ያለው ኤፍደብሊውዩፒዲ የተባለ ፕሮግራም ፋይሉን ራሱ አውርዶ ያድሳል። ማደሻቸው በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓተ ክወና) ብቻ የሚሠራ አሮጌ ማሽኖችም ቢሆኑ፣ ከ1994 ጀምሮ በነጻ እየተሠራ ያለው ፍሪዶስ የተባለ የዶስ ምትክ በፍላሽ ላይ ተጽፎ ሊያስነሳቸው ይችላል።

በእኛ አገር ዋናው አደጋ ሌላ ነው፤ እርሱም መብራት ነው። ቺፕዋ እየተጻፈች ሳለ መብራት ከሄደ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ከዓመታት በፊት በእኔው እጅ አንድ ማሽን እንዲህ ሞቶ፣ ቺፕዋን በፕሮግራመር (ቺፕ በሚጽፍ መሣሪያ) እንደገና እስኪጽፉልኝ ድረስ ባለቤቱን ሦስት ሳምንት አስጠብቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ዴስክቶፕ አልነካም፤ ላፕቶፕም ባትሪው ሳይሞላና ቻርጀሩ ሳይሰካ አልጀምርም። የማዘርቦርዱን ትክክለኛ ሞዴልና በላዩ የታተመውን የሪቪዥን (የእትም) ቁጥር ማረጋገጥም ሊታለፍ አይገባም፤ የሌላ ሞዴል ፋይል ከመብራት መጥፋት የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። ችግር ሳይኖር ለአዲስነቱ ብቻ ባዮስ ማደስንም አልመክርም።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው፣ የደንበኛን ዲስክ ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት ባለቤቱን እንዲጠይቁና ፋይሉን እንዲገለብጡ ነው። የመምህሩን ባዮስ እርሳቸው አጠገቤ ቆመው እያዩ በአንድ ፍላሽ አደስኩት፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀ፣ ፕሮሰሰሩም ሠራ። የፈተና ጥያቄዎቹን ግን ልመልስላቸው አልቻልኩም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ