መሬቱ የማን ነው ላሉኝ

ይድረስ ለምወድዎ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ሴንት ፖል ገና በረዶ አልለቀቃትም።

ባለፈው በስልክ «ያለሽበት አገር መሬቱ የማን ነው?» ሲሉኝ «የመንግሥት ነዋ» ብዬ ሳቅሁ። ፓዊ ሲያሰፍሯችሁ መሬቱ የጉሙዞች እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አለማስተዋሌ አሳፈረኝ። ይኸው አጣርቼ ጻፍሁ።

ዳኮታ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነው። ያለሁበት የአሜሪካ ግዛት ስም፣ ሚኒሶታ፣ ራሱ ከቋንቋቸው የመጣ ነው፤ ሰማይ የመሰለ ውሃ እንደማለት ነው። ለጥገኝነት ጉዳዬ የተመላለስሁበት ፍርድ ቤት ያለው ፎርት ስኔሊንግ ከሚባል የድሮ ጦር ሰፈር አጠገብ ነው። ከሥሩ የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች ይገናኛሉ። ዳኮታዎቹ ቦታውን ብዶቴ ይሉታል፤ ብዙዎቹ ዘራችን የተጀመረው እዚያ ነው ይላሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ከወረቀቴ ሌላ አልታየኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1862 በውል ለለቀቁት መሬት የሚከፈላቸው ገንዘብ ዘገየ። ነጋዴዎቹ እህል በዱቤ አንሰጥም አሉ። ረኃቡ ወደ ጦርነት ዞረ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጭ ሰፋሪዎች አለቁ፣ ዳኮታዎቹም በስድስት ሳምንት ተሸነፉ። ሞት ከተፈረደባቸው 303 ሰዎች ፕሬዚዳንት ሊንከን የአብዛኞቹን ቢያስቀርም፣ 38ቱ ማንካቶ ከተማ በአንድ መድረክ ላይ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። 1,600 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ ልጅና ሽማግሌ፣ ያ ጦር ሰፈር ሥር በአጥር ተከቦ ከረመ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው በበሽታ አለቀ። በማግስቱ ዓመት ኮንግረስ ከሚኒሶታ ይውጡ ብሎ ሕግ አወጣ፤ የተረፉትን በእንፋሎት መርከብ ጭነው ክሮው ክሪክ የሚባል ደረቅ አገር አራገፏቸው።

አባባ፣ «ጭነው አራገፏቸው» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። የእርስዎ ቃል ነዋ።

መመለሳቸውም የእርስዎን ይመስላል። ሕጉ ሳይሻር፣ በ1880ዎቹ አንዳንድ ቤተሰቦች ጥቂት በጥቂት መጡና ከገዛ መሬታቸው ቁራሽ በገንዘባቸው ገዙ! ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ አራት የዳኮታ ማኅበረሰቦች አሉ። በ2024 ደግሞ አያቶቻቸው የተራቡበትና የተቀበሩበት አንድ ሙሉ የመንግሥት ፓርክ ለአንዱ ማኅበረሰብ ተመለሰ። እዚህ አጠገባችን ሚኒያፖሊስ ያለው ሐይቅ ባርነትን ሲደግፍ በኖረ ፖለቲከኛ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ በጥንት ስሙ ብዴ ማካ ስካ ተብሏል። ቋንቋው ግን ከስም ይከብዳል። በልጅነቱ አፉን የፈታበት ሰው እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ወጣቶቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የአያቶቻቸውን ቋንቋ ከሀ ይጀምራሉ።

ፈረስ ስለሚወዱ ይህን ልንገርዎ። ከ2005 እስከ 2022 በየዓመቱ በታኅሣሥ ብርድ ዳኮታዎቹ የተሰቀሉትን ለማሰብ ደቡብ ዳኮታ ከሚባለው ጎረቤት ግዛት ተነሥተው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በፈረስ ይጓዙ ነበር፤ ማንካቶ የሚደርሱት ሰዎቹ በተሰቀሉበት ቀን ነበር። ደግሞ በጥንቱ ወጋቸው ዘመድን በስሙ መጥራት ነውር ነው፤ አጎቴ፣ እህቴ ነው የሚባለው። አገራችን ደላንታ ቢመጡ አይቸገሩም።

እንግዲህ «ይምጡ፣ ቅጹን ልሙላ» እያልሁ አልነዘንዝዎትም። አባይን ተሻግሮ በእግሩ አገሩ የገባን ሰው በአውሮፕላን ውሰዱት ማለቴ ለካ ቀላል ነገር አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ እኔ እመጣለሁ።

ስለ መመለሱ ብዙ ነግረውኛል፤ ስለ ፓዊ ግን ዝም ይላሉ። እማማን ልጠይቃት ስል እንባዋ ይቀድማታል። እዚያ የቀረችው እህቴ ስሟ ማን ነበር?

ልጅዎ