የዱር እንስሳት ክበብ፦ ጅብና አንበሳ የተሟገቱበት ዓመት

መጀመሪያ የተለመደውን ልጨርስ። ክበባችን ዘንድሮም ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተሰብስቧል። በግቢው ያሉ ዛፎችን ስም ጽፈን ለጥፈናል። በሚኒ ሚዲያ የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅተናል፤ አሸናፊዎቹም ሽልማታቸውን ወስደዋል። አንድ ጉብኝት በዝናብ ምክንያት ቀርቶብናል። ይኼው ነው። አሁን ወደ ዋናው ወሬ።

በክበባችን ደንብ እያንዳንዱ አባል አንድ እንስሳ ይመርጥና ዓመቱን ሙሉ ያጠናል። ስለዚያ እንስሳ ጥያቄ ከተነሳ መላሹ እሱ ነው። ዘንድሮ ጅብን የመረጠችው ተማሪ ግን አንድም ዓርብ አልተገኘችም። ትምህርት በተጀመረ ሰሞን የደም ካንሰር እንዳለባት ታወቀና ሆስፒታል ገባች። ይህን የምጽፈው በእሷም በወላጆቿም ፈቃድ ነው። ስሟን ግን አልጽፍም። "ቲቸር፣ ጅቧ ብለው ይጻፉኝ" ብላኛለች፤ እንዳለችው አደርጋለሁ።

ወሬው ሲሰማ ልጆቹ ካርድ ሠሩ። "ቶሎ ተሽሎሽ ነይ" የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የጅብ ሥዕል። ሁሉም ፈረሙበት። በማግስቱ በእናቷ ስልክ መልእክት ደረሰን፦ "በጣም አመሰግናለሁ። ጅቡ ግን የውሻ ጅራት ነው ያለው።"

ጅቡን የሣለው የአንበሳው ልጅ ነው። አንበሳን የመረጠ፣ ክርክር የሚወድ፣ ተሸነፍኩ ማለት የማይሆንለት ልጅ። መልእክቱን ሁለቴ አነበበና "በአካል ሄጄ ነው የማነጋግራት" አለ። እኔም እሺ አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ አዝነውላት ከሚሄዱት ይልቅ ተናዶ የሚሄደው ይሻላል ብዬ ነው።

ሄድን። እሱ የጭላት ላባ ይዞ ነበር። ሲስተር ገና በሩ ላይ አስቆመችን። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴሎች ሲገድል በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችም አብሮ ይቀንሳል። ለእኛ ምንም የማያደርገን ጀርም እሷን ክፉኛ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ እጅ በደንብ ይታጠባል፣ ጉንፋን የያዘው አይገባም፣ ላባ የሚባል ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። ልጁ ላባውን በበሩ መስታወት ላይ አስደግፎ አሳያት። እሷም ከአልጋዋ ሆና በጣቷ "አገላብጠው" አለችው። አገላበጠላት።

ከገባን በኋላ ለትንሽ ጊዜ ዝምታ ሆነ። ፀጉሯ አልቋል። ፊቷ በመድኃኒቱ አብጧል። ልጁ ወዴት እንደሚያይ ግራ ገባው። ወሬውን የጀመረችው እሷ ናት።

"አንበሳህ በቀን እስከ 20 ሰዓት እንደሚተኛ ታውቃለህ?"

"አንቺስ ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቷ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅቷ ግን የግሉኮሱ መስቀያ እስኪነቃነቅ ሳቀች። "እኔ እንኳን ታምሜ ነው፤ አንበሳ ምን ሆንኩ ሊል ነው?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማስቆም አልተቻለም።

ሙግቱ ወራት ፈጀ። እሱ አንበሳ አዳኝ፣ ጅብ ሌባ ነው ይላል። እሷ በቂ ዝግጅት ነበራት። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ፣ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን ይከታተል ነበር። ጎብኚ ጠዋት ሲመጣ አንበሳ ሲበላ፣ ጅብም ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ያያል። ግዳዩን አንበሳ የጣለው ይመስለዋል። ክሩክ ሌሊቱን ያየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው፤ ያደኑት ጅቦቹ፣ ቀምቶ የሚበላው አንበሳ። "ታዲያ ሌባው ማነው?" አለችው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል መልስ አጣ። ላጣው መልስ ሲል ያነበበውን ያህል ለፈተና ቢያነብ ብዬ ተመኝቻለሁ።

በነጠብጣባሙ ጅብ መንጋ የበላይዋ ሴቷ መሆኗን፣ ግልገሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ጥርስ አብቅለው እንደሚወለዱ፣ የጅብ ኩስ ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ሲደርቅ እንደሚነጣ፣ ይህን ሁሉ የክበቡ አባላት የሰማነው ከእሷ ነው። የኩሱን ነገር ለሐኪሞቿም ነግራቸዋለች። ዙር ላይ።

ልጆቹ ተራ ገብተው መሄድ ጀመሩ። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ከበሽታው ሌላ የሚያወሩት ያጡ ሰዎች ቶሎ ይወጣሉ። ሥራ ይዘው የሄዱት ይቆያሉ። ስለዚህ ሥራ ሰጠናት፤ የክበቡ መዝገብ ያዥ አደረግናት። እኛ ያየነውን ፎቶ እንልካለን፣ እሷ ለይታ ትመዘግባለች። ያላመነችበትን ትመልሳለች። አንድ ቀን "ንስር አየን" ብለን በደስታ የላክነውን ፎቶ "ጅራቱ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ጭላት ነው" ብላ ሰረዘችብን። ልክ ነበረች።

ካደረግነው ሁሉ እኔን ደስ ያለኝ የጉጉት ትፋት የፈታንበት ቀን ነው። ጉጉት ያደነችውን ትንሽ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ሳታኝክ ትውጣለች። ያልተፈጨውን አጥንትና ፀጉር ጠቅልላ ትተፋዋለች። ትፋቱን ምድጃ ውስጥ አሙቀን ጀርሙን ከገደልን በኋላ ነጭ ወረቀት ላይ በመቆንጠጫ ፈታነው። እሷ በቪዲዮ ታየን ነበር። የአንበሳው ልጅ አንዲት የጥፍር ያህል የራስ ቅል ወደ ካሜራው አስጠጋ። "ጥርሱን አሳየኝ። አይ፣ የፊቱን" አለች። ፊት ለፊት ሁለት ረጃጅም ብርቱካናማ ጥርሶች፣ ከኋላቸው ባዶ ቦታ፣ ከዚያ መንጋጋ። "አይጥ" ብላ ጻፈች። "ቀጣይ!"

የካቲት ላይ በዓለም አቀፉ የጓሮ ወፎች ቆጠራ ተሳትፈናል። ቆጠራው በ1998 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ የተጀመረ ሲሆን ከ2013 ወዲህ ከየትኛውም አገር መሳተፍ ይቻላል። አንድ ሰው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ባለበት ሆኖ ወፍ ይቆጥራል። ጫካ መሄድ አያስፈልግም፤ መስኮት ይበቃል። ለእሷ የተሠራ ነው የሚመስለው። ችግሩ አልጋዋ ግድግዳ ሥር ነበር። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጥናት ትዝ አለኝ። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ ይታያቸው የነበሩ ሕሙማን፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ወጥተዋል፤ የወሰዱት ኃይለኛ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ለሲስተር ነገርኳት። "ጥናት ምን ያደርግልኛል፣ አልጋው ጎማ አለው" ብላ ወደ መስኮቱ ገፋችው። ወፍ ካንሰር አያድንም፤ የሚያድነው መድኃኒቱ ነው። መስኮት ግን ከግድግዳ ይሻላል። በ15 ደቂቃው ርግብ፣ ድንቢጥ፣ ቁራና አንድ ጭላት መዝግባለች። ጭላቱን ሁለቴ እንዳትቆጥረው ብላ ተጨንቃ ነበር።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። አፏ ቆስሎ መናገር ያቃታት ሳምንት አለ። ያኔ በጽሑፍ ትከራከር ነበር፤ ያውም በአጭሩ፦ "ተሳስተሃል።" ክፍል ውስጥ ኩፍኝ የገባ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ ጨርሶ ተከለከልን። ማንንም ማየት የማትፈልግባቸው ቀናትም ነበሩ። በእነዚያ ቀናት የአንበሳው ልጅ "ደህና ነሽ?" አይልም። አንድ የእንስሳ ፎቶ ይልክና ዝም ይላል። አንዳንዴ ከሦስት ቀን በኋላ የእንስሳው ስም ብቻ ይመጣል። እሱም ስሙን መዝገቡ ላይ አስፍሮ ቀጣዩን ይልካል።

አሁን ከሆስፒታል ወጥታለች። እንዲህ ያለው ሕክምና ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድ ስለሚችል መድኃኒቱ ገና ይቀጥላል። ቢሆንም ሐኪሞቿ ከፈቀዱላት በሚቀጥለው ዓመት የተወሰኑ ቀናት ትመጣለች። መዝገብ ያዥነቷ እንዳለ ነው። ምክትል ግን ያስፈልጋታል፤ ምርጫውን በመጀመሪያው ስብሰባ እናካሂዳለን። የአንበሳው ልጅ ከወዲሁ ቅስቀሳ ጀምሯል። እሷ ድምጿን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ በጽሑፍ አሳውቃለች።