ስህተቱ በፊት ገጽ፣ እርማቱ በጥግ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ዓሣ ስነግድ 22 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች ያሳደግሁት በጣና ዓሣ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አምና ኅዳር የደረሰብን ነገር ዛሬም ከሆዴ ስላልወጣ ነው።

የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ «የጣና ዓሣ በእምቦጭ ማጥፊያ ኬሚካል መበከሉ ተሰምቷል፤ የበሉ ሰዎችም መታመማቸው ተነግሯል» አለ። እምቦጭ ሐይቃችንን የወረረው አረም ነው። እኔ ለማግስቱ የታዘዘውን ዓሣ እየበለትሁ ሳዘጋጅ ነበር። ልጄ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ «እማዬ፣ ሰማሽ?» አለችኝ።

ጾም ለእኛ የገበያ ጊዜ ነው። የሽያጭ ደብተር ስለምይዝ የምጽፈው ከደብተሬ ነው። ዜናው ከመነገሩ በፊት በነበረው ረቡዕ 64 ኪሎ ሸጥሁ። በተነገረ ማግስት 5 ኪሎ። እሱንም የገዙኝ ለዓመታት የሚያውቁኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ምግብ ቤቶቹ አንድም ሰው አልላኩም፤ ስደውልላቸውም «እትዬ፣ እኛማ እናምንሻለን፣ እንግዳው ግን አይበላም» አሉኝ። አስጋሪዎቹ ሌሊቱን በብርድ አድረው ያመጡትን መልሱ ማለት አልሆነልኝም። ተቀበልሁ፤ ፍሪዘሩ ሞላ። በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ 40 ኪሎ ያህል ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጋዜጣ ያንኑ ወሬ በፊት ገጹ አወጣው፤ ከነፎቶግራፉ። የሞተ ትልቅ ዓሣ ሐይቅ ዳር ተጋድሟል። እኔ ፎቶውን እንዳየሁ አወቅሁ፤ የእኛ ዓሣ አይደለም። ናይል ፐርች የሚባለው ነው፤ አባያና ጫሞ ላይ የሚሰገረው። ጣና ውስጥ ይህ ዓሣ የለም። ከሐይቁ በታች የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወር ውኃ ከታች የሚመጣን ዓሣ አያሳልፍም። የእኛዎቹ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ገበያችን መጥቶ አንዷን ነጋዴ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው ጀልባም የሳንቃ ነው። እኛ ጋ የሚቀዘፈው ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ነው።

ጣቢያው ደወልሁ። ያነሣው ልጅ ትሑት ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ አልሰደበኝም። «እናቴ፣ ፌስቡክ ላይ በሰፊው ሲዘዋወር አይተን ነው» አለኝ። ፌስቡኩን ልጄ ፈልጋ አሳየችኝ። ያ የጻፈው ሰው ደግሞ በማግስቱ «በሬዲዮም ተረጋግጧል» ብሎ ጨምሮበታል። ወሬው ከፌስቡክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ፌስቡክ ተመላልሶ እውነት ሆነ። መሐል ላይ ሐይቁን ያየ፣ ሆስፒታል ሄዶ የታመመ ሰው የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

«ተሰምቷል»፣ «ተነግሯል»፣ «ተብሏል»፣ «ምንጮች ገለጹ»። ቋንቋችን ይህን ቃል በቀላሉ ይሰጣል፤ አድራጊውን ደብቆ ድርጊቱን ብቻ ያወጣዋል። ማን ሰማ? ከማን? የታመሙት ስንት ናቸው፣ የት ተኙ? እኔ ለደንበኛዬ «ዓሣው ዛሬ የወጣ ነው ተብሏል» ብለው ይገዛኛል? ማን እንዳወጣው፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ከየት በኩል እንደመጣ እነግረዋለሁ። ጋዜጠኛ ደግሞ ከዓሣ ነጋዴ የበለጠ መጠየቅ አለበት እንጂ ያነሰ አይደለም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና አዲስ ዘመን ሲያገኝ ለሰፈሩ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ያኔ ክርክር ሲነሣ «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» የተባለ እንደሆነ ክርክሩ ያበቃል። ጋዜጣው ሁሉን እውነት ይጽፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ያልተጻፈው ከተጻፈው እንደሚበልጥ አባቴም ያውቀው ነበር። ዛሬ ግን ልጄ «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ስላት «እና ምን ይሁን?» ትለኛለች። ይህ መልስ ያስፈራኛል። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ምን እንደሆንን አውቃለሁ። በስልክ የሚመጣው ወሬ ሁሉ እኩል ሆነ። ሰው የሚያምነው ነገር ሲያጣ ሁሉንም ያምናል፤ ወይም ሁሉንም ይተዋል።

እርማቱ በ11ኛው ቀን ወጣ። ከጨረታ ማስታወቂያዎች ግርጌ፣ አራት መስመር። ፎቶው «በስህተት» መግባቱን ይናገራል፤ ዓሣው መበከሉ አለመረጋገጡን ግን አይናገርም። ሬዲዮው ጭራሽ አላረመም። የወንድሜ ልጅ ሕግ ይማራል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 መልስ የመስጠት መብት እንደሚሰጥ ነገረኝ። ግን የእኔ ስም አልተነሣም፤ የተነሣው የሐይቁ ስም ነው። ለሐይቅ ማን ይመልስለት? ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣ 1185/2012 የሚባል ሌላ አዋጅም አለ አለኝ። እኔ ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። የፈራ ጋዜጠኛ እንኳን እኔን መጥቶ ሊጠይቅ፣ ባለሥልጣኑንም አይጠይቅም።

እውነተኛው ወሬ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም ግድም ጀምሮ ሐይቃችን ላይ አለ፤ ይበልጥ የተጎዳው የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ በኩል ነው፤ እዚያ አስጋሪው ታንኳውን ማስገቢያ አጥቷል። የነጭ ዓሣው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በክረምት እንቁላሉን ሊጥል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ ከሐይቁ የሚገባበት አፍ ላይ መረብ ዘርግተው የሚጠብቁት አሉ። ሳይወልድ ያልቃል። ከ20 ዓመት በፊት ሌሊቱን ታንኳ ሞልቶ ይመጣ የነበረው ዛሬ በዘንቢል ይመጣል። ጉማራ አፍ ላይ በነሐሴ ቆሞ የዘገበ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም። ቢመጣ ስም ጠርቶ፣ ቀን ቆጥሮ የሚነግረው አስጋሪ ሞልቷል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው፣ ስህተት በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል እርማቱም ይውጣ። «ተብሏል» ስትሉ ባዩን ጻፉልን፤ ስሙ የሚያስቸግረው ከሆነ ለምን እንደተሸሸገ ንገሩን። ፎቶ ስታወጡ የትና መቼ እንደተነሣ ከሥሩ አስፍሩ።

ጋዜጠኛ ከላካችሁ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጣ፤ አስጋሪዎቹ የሚገቡት ያኔ ነው። የአምናውን ደብተር አስቀምጬዋለሁ፤ ያንን የፊት ገጽና ያንን አራት መስመርም አብሬ አቆይቻቸዋለሁ። እዚህ ከጻፍኩት ውስጥ የተሳሳተ ካገኘ ደግሞ እርማቱን ይህ ደብዳቤ በወጣበት ቦታ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዓሣ ነጋዴዋ
ባሕር ዳር