እናትሽ የማንንም ሥራ አልቀማችም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ልጅ «ወላጆችሽ የኛን ሰው ሥራ ቀምተው ነው» ሲልሽ ዝም ማለትሽ ሆዴን በላው። አልወቅስሽም። እኔም ስንት ዓመት መልስ አጥቼ ኖሬያለሁ።

ሰው ሥራን እንደ አንድ እንጀራ ያየዋል። አንድ እንግዳ ገበታው ላይ ከተጨመረ የኔ ድርሻ አነሰ ይላል። ግን እጁን ብቻ ይዞ የሚሰደድ ማን አለ? ሆዱንም ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እንደገባሁ ቤት ተከራየሁ፣ ካፖርት ገዛሁ፣ አስቤዛ ሸመትኩ። ያ ሁሉ ለሌላ ሰው ሥራ ነው።

የማያሚን ነገር ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጥቂት ወራት ውስጥ 125 ሺህ ያህል ኩባውያን በጀልባ ፍሎሪዳ ገቡ። የማያሚ ሠራተኛ ቁጥር በአንዴ 7 በመቶ ያህል ጨመረ። ዴቪድ ካርድ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1990 ጥናቱን ሲያወጣ፣ የነባሩ ሠራተኛ ደሞዝ በዚያ ሳቢያ ወረደ የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ሥራ አጡም አልበዛም። ሰውየው በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። ጆርጅ ቦርሃስ የሚባል ሌላ ምሁር ደግሞ «ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ተጎድተዋል» ብሎ ሞግቶታል። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከኩባ የመጣ ነው። ይህንንም አትደብቂው። አንዱን ብቻ ከነገርሽው አያምንሽም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። እኛም ቡና ላይ «አዲስ የሚመጡት ደሞዝ አበላሹብን» እንላለን። አዲስ መጤ የሚሻማው ይበልጥ ቀድሞት ከመጣው ጋር ስለሆነ፣ ስጋቱ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ያቺ ምስኪን አዲስ ልጅ መወቀሷ ነው። በትንሽ ብር የሚያሠራት አለቃዋ አይደለም ወይ?

እኔ አረጋውያን ስንከባከብ ኖሬያለሁ፤ አጥቤያለሁ፣ አብልቻለሁ። ከእያንዳንዱ ቼኬ ላይ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለመንግሥት የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፣ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ይከፍላል። ያ ገንዘብ የሚሄደው ለዛሬ ጡረተኞች ነው። እነዚያው ለማጥባቸው ሰዎች ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሪፖርት፣ የመጀመሪያው ትውልድ ስደተኛ ለክፍለ ግዛቶች ወጪ እንደሚሆን ጽፈዋል። ዋናው ምክንያት የልጆቹ ትምህርት ነው። እነዚያ ልጆች ሲያድጉ ግን ከማንም በላይ ግብር ከሚያስገቡት ይመደባሉ። ሳነበው ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶብስ ትዝ አለኝ። ቦርሳሽ ከጀርባሽ ይሰፋ ነበር። ያ «ወጪ» የተባለው አንቺ ነሽ ልጄ።

ቅዳሜ ስትመጪ የመጀመሪያውን ቼኬን ቁራጭ አሳይሻለሁ። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

እናትሽ