የምግብ ቤቶች የንጽሕና ፍተሻ ውጤት በሩ ላይ ይለጠፍልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። ቁርስ ደብረ ብርሃን፣ ምሳ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ነው። ረዳቱ «ምሳ! 30 ደቂቃ!» ሲል ሁላችንም ተግተልትለን ሹፌሩ ያቆመበት ቤት እንገባለን። የከተማው ሰው የትኛው ቤት ንጹሕ እንደሆነ ያውቃል፤ ቤቱ ካስቀየመውም ሁለተኛ አይሄድም። መንገደኛ ግን በልቶ ሄያጅ ነው። ቢታመምም የሚታመመው ኮምቦልቻ ደርሶ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአንዱ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛውን ወለወለ። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ትሪውን አብሶ ሽሮዬን አመጣልኝ። እያየሁ በላሁ፤ ርቦኛላ! ሌሊቱን ሆዴን ይዤ አነጋሁ። ጨርቁ ይሁን ሌላ ነገር፣ መማል አልችልም።

የጤና ባለሙያዎች እየዞሩ ይቆጣጠራሉ። ወጥ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ የሠራተኛውን የምርመራ ካርድ ያያሉ። ያዩት ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል። የምበላው እኔ፣ የሚያነበው ቢሮው!

ኒውዮርክ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውጤቱን በፊደል በር ላይ ታስለጥፋለች። ሎስ አንጀለስ ደግሞ በ1998 ጀምራለች። ዌልስ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠውን ነጥብ መለጠፍ በ2013 ግዴታ አደረገች። ጎረቤቷ እንግሊዝ ግን ለባለቤቱ ፈቃድ ትታዋለች። 1 ያገኘ ሰው ወዶ ይለጥፋል እንዴ? እኛ ከጀመርን በግዴታ ይሁን።

ፊደል ላልቆጠረም እንዲገባ በቀለም ይሁን፤ ፍተሻው የተደረገበት ቀንም ይጻፍበት። የቧንቧ ውሃ በመጥፋቱ ማንም ነጥብ አይቀነስበት። ክዳን ያለው በርሜልና ሳሙና ማዘጋጀት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። ትልቅ ሆቴል በፎቁ ብቻ አረንጓዴ አያግኝ። አንዲት እናት በጠባብ ጓዳዋ ከሱ በልጣ ልትገኝ ትችላለች። «ሻይ መጠጫ» ተሰጥቶ አረንጓዴ ቢለጠፍስ የሚል አይጠፋም። ፋይል ውስጥ ያለውን ውሸት ማን ያየዋል? በር ላይ ያለውን ግን ተመጋቢው ከጨርቁ ጋር ያስተያየዋል።

አውቶቡስ ከሚቆምባቸው ቤቶች ይጀመር። እኔ እስከዚያው ምሳዬን ሙዝና የደብረ ሲና ቆሎ አድርጌያለሁ። ቆሎውስ በማን እጅ ተሰፈረ አትበሉኝ።

ተመላላሹ መንገደኛ፣ ከደብረ ብርሃን