የሩት ነጋን የፊልም ምሽቶች አብራችሁን ላሳካችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

በአሌክሳንድርያና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወዳጆቻችን፣ ከዲሲና ከሜሪላንድ ድልድዩን ተሻግራችሁ ለመጣችሁም ጭምር፤

የተዋናይቷን የሩት ነጋን ሥራዎች አብረን ለማየት ያዘጋጀናቸው የእሁድ ምሽቶች ባለፈው ሳምንት ተጠናቀቁ። በአዘጋጆቹ ስም ምስጋና ለማቅረብ ነው ይህን የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ «ስማችን አይጠራ» ብላችሁናል። ስለዚህ ማንንም በስም አልጠራም። ያደረጋችሁትን ግን ሳልናገር አላልፍም።

የመጀመሪያው ምስጋና ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለጋሼ ነው። ፕሮግራሙ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የተከራየነው አዳራሽ ተሰረዘብን። የፊልሞቹ የማሳያ ፈቃድ ተከፍሏል። ሰው ተጠርቷል። እኛ ቀኑን ለማራዘም ስንመካከር ጋሼ የኋላ አዳራሻቸውን ከፈቱልን። «የኪራይ ነገር እንዳታነሱብኝ» አሉን። እሁድ ማታ ለእሳቸው ዋና የገበያ ሰዓት ነው። ያንን ሁሉ ትተው ወንበር አብረውን ሲደረድሩ ነበር። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ቡናውን ያፈላችሁልን፣ ፈንዲሻውን በየሳምንቱ ከቤታችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና እህቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ፕሮጀክተሩንና ድምፅ ማጉያውን የገጠማችሁ ልጆች፣ ተባረኩ።

ይህን ፕሮግራም ለምን እንዳሰብነው ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የሩት ስም ሲነሳ ወሬው ቶሎ ያልቃል። «አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፤ አባቷ የኛ ሰው ናቸው» እንላለን። ደስ ይለናል፣ ፎቶዋን እንቀባበላለን፣ በቃ። ሥራዋን ቁጭ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። የትውልድ ቦታዋ እሷ የለፋችበት ነገር አይደለም። የለፋችው በትወናው ነው። ክብር ልንሰጣት ከፈለግን ልናየው የሚገባን ያንን ነው ብለን ተነሳን።

ታሪኳን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ የአየርላንድ ተወላጅ ናቸው። ገና ሕፃን ሳለች ከአዲስ አበባ ወጣች። አባቷ በመኪና አደጋ ሲያርፉ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያደገችው አየርላንድ፣ ሊመሪክ ውስጥ ነው። ትወና የተማረችው ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ከዚያ በአየርላንድና በእንግሊዝ ፊልሞችና ድራማዎች ውስጥ አነስ ካሉ ሚናዎች ጀምራ ቀስ እያለች ወጣች። ባንድ ሌሊት የታወቀች ሰው አይደለችም።

የመጀመሪያውን ምሽት የከፈትነው ቢቢሲ በ2011 ባቀረበው «ሸርሊ» ነበር። ሩት እዚያ ላይ ታዋቂዋን ድምፃዊት ሸርሊ ባሲን ሆና ትጫወታለች። ባሲ ከናይጄሪያዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በካርዲፍ የተወለደች ናት። ሩት የምትጫወተው የለየላት የመድረክ ሰው ነው። አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ እጆቿን ትዘረጋለች፣ ጮክ ብላ ትስቃለች። ያን ምሽት ያመሸ ሰው በኋላ «ላቪንግ» ላይ ሚልድረድን ሆና ሲያያት «ያቺው ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ብላችኋልም።

በሁለተኛው ምሽት ወጣቶቹን አስቀደምን። «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ ሬይናን ሆና የተጫወተችባቸውን ክፍሎች የመረጡት እነሱ ናቸው። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ ሰው የምታታልል ሴት ናት። ልጆቹ እያንዳንዱን ትዕይንት በቃላቸው ያውቁታል። ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው ለዓመታት ሲያዩዋት የኖሩት ሴት ሩት መሆኗን ያወቁት ያን ቀን ነው።

«ፕሪቸር» ላይ ትንሽ ክርክር ነበረብን። ተከታታዩ በሃይማኖት ጉዳይ ላይ ድፍረት አለበት። ደም ይበዛበታል። ስለዚህ ያሳየነው ሩት የምትጫወታት ቱሊፕ መጀመሪያ ብቅ የምትልበትን ትዕይንት ብቻ ነው። በበቆሎ ማሳ መሃል እየበረረ ባለ መኪና ውስጥ ከወንድ ጋር ትደባደባለች። ቀጥላ ከገጠር ልጆች ጋር ቁጭ ብላ ከቆርቆሮ ጣሳ ሮኬት መተኮሻ ትሠራለች። ለልጆቹ የምታወራቸው እንደ ታላቅ እህት ነው። ፊቷ ላይ ቁጣም ፍቅርም ጨዋታም አለ። ነገሩ ባይጥማችሁም ታግሳችሁ ላያችሁልን አባቶች፣ ስጋታችሁንም በጨዋ ቃል ለነገራችሁን፣ ከልብ እናመሰግናለን። ያንን ትዕይንት ማሳየት ያስፈለገን በአንድ ምክንያት ነው። «ፕሪቸር» ስርጭቱን የጀመረው በሜይ 2016 ነው። «ላቪንግ» የተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በካን ፌስቲቫል የታየውም በዚያው ወር ነው። ባንድ ወር ውስጥ ዓለም ሁለት ሩት አየ። አንዷ ሮኬት ተኳሽ፣ ሌላዋ ድምፅዋ ከሹክሹክታ እምብዛም የማይበልጥ የገጠር ሴት።

ስለ «ላቪንግ» ምሽት ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትፍረዱብኝ። ታሪኩ የተፈጸመው እኛው በምንኖርባት ቨርጂኒያ ነው። ሪቻርድ ላቪንግ ነጭ፣ ሚልድረድ ጥቁርና የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ያላት ነበሩ። ሀገራቸው ካሮላይን ካውንቲ ነው። ከዚህ በአይ-95 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ አቅጣጫ ስትነዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። የቨርጂኒያ ሕግ ስለሚከለክላቸው በ1958 ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋቡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሸሪፉ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው። ዳኛው አንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው። ለ25 ዓመት አብረው ወደ ቨርጂኒያ የማይመለሱ ከሆነ ግን ቅጣቱ ይገደባል ተባለ። ዲሲ ተሰደዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራና ቅመም ልንገዛ የምንመላለስበት መንገድ ለእነሱ የተዘጋ ድንበር ነበር። ሚልድረድ በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ጉዳዩን ከያዙት ሁለት ወጣት ጠበቆች አንዱ በርናርድ ኮኸን የዚህችው የአሌክሳንድርያ ጠበቃ ነበር። ጁን 12 ቀን 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው።

ሩት ይህችን ሴት ስትጫወት እምብዛም አትጮህም። ዳይሬክተሩ ጄፍ ኒኮልስ ረጅም የፍርድ ቤት ንግግር አልሰጣትም። ያላት ፊቷና ዓይኗ ነው። ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ ታዳምጣለች፣ አቀርቅራ ታስባለች፣ ከዚያ ባጭሩ ትመልሳለች። ሐሳቧ ከውስጥ ሲመጣ ታዩታላችሁ። አየርላንድ ያደገች ልጅ የቨርጂኒያ ገጠር አነጋገርን እንዲህ አድርጋ መያዟ ያስደንቃል። እኔን የያዘኝ ግን ዝምታዋ ነው። በዚህ ሚና ለኦስካር በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። ሽልማቱ ለሌላ ሄደ። ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ትወና ይሄ ነው፤ ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ይህንኑ ነው የምለው።

ከእናቶች ጎን ተቀምጣችሁ እንግሊዝኛውን በሹክሹክታ ስትተረጉሙ ለነበራችሁ ወጣቶች የተለየ ምስጋና አለን። በዚህ ፊልም ላይ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እናቶች «ተዉን፣ ገብቶናል» አሏችሁ። እውነት ነው፣ ገብቷቸዋል። ሚልድረድ የድሉን ዜና በስልክ ስትሰማ አዳራሹ ውስጥ ያለቀሱት እነሱ ነበሩ።

ከፊልሙ በኋላ ማይክ ይዘው ለተናገሩት እናት ምን ብዬ ላመስግን? ባለቤታቸው ነጭ አሜሪካዊ ናቸው። ጋብቻቸውን እዚሁ ቨርጂኒያ ሲፈጽሙ እንዲህ ያለ ሕግ እንደነበረ እንኳ አያውቁም ነበር። ያን ማታ ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሰሙ። ባለቤታቸውም ተነስተው አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። የቤታችሁን ነገር ለእኛ ስላካፈላችሁን ክብረት ይስጥልን።

ሌላው ጥልቅ ምሽት «ፓሲንግ» የታየበት ነው። ይህን ፊልም ለመረጣችሁና ውይይቱን ለመራችሁ የኮሌጅ ተማሪ ሴት ልጆቻችን ምስጋናዬ ብዙ ነው። ፊልሙ በ2021 የወጣ ነው። ኔላ ላርሰን በ1929 ካሳተመችው ልቦለድ ተወስዶ ሬቤካ ሆል በጥቁርና ነጭ የሠራችው። ሩት ክሌርን ትሆናለች። ክሌር ጥቁር ሆና ሳለ በቆዳዋ ቅላት እንደ ነጭ የምትኖር፣ ጥቁር የሚጠላ ባል ያገባች ሴት ናት። ባሏ አያውቅም። እሷ ደግሞ ወደ ኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ወደ ሃርለም፣ ወደ ጥንት ወዳጇ ቤት መመላለስ ትጀምራለች። ወዳጇን የምትጫወተው ቴሳ ቶምፕሰን ናት።

ሚልድረድ ታቀረቅራለች፤ ክሌር ግን ሰውን ትክ ብላ ታያለች። ስትስቅ ቤቱን ትሞላዋለች። ደስ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ታስፈራለች። ሩት «ውደዱኝ» ወይም «ፍረዱብኝ» አትለንም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እንድናደርግ ትተወናለች። አንድ አባት «ለምን ዋሸች?» ብለው ሲጠይቁ፣ አወያይዋ ልጃችን «እውነቱን ብትናገር የት ትኖር ነበር?» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ውይይቱ ማቆሚያ አጣ። ጋሼ መብራት እስኪያጠፉ ድረስ ስለ ቆዳ ቀለም፣ እኛም እርስ በርስ «ቀይ» እና «ጠይም» እያልን ስለምንለካካው ነገር ሳንፈራ ተነጋገርን። እንዲህ ያለ ንግግር በማኅበራችን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ልጆቹ ናቸው ያመጡልን።

የመጨረሻው ምሽት ከ2024ቱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ከ«ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ጥቂት ክፍሎች የታዩበት ነው። ሩት እዚህ ላይ በግድያ የተከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ሚስት፣ ባርባራ ናት። መጨረሻውን ያላያችሁ ስላላችሁ ዝም እላለሁ። እንዲህ ያለች የተከዳች ሚስት በሌላ ሰው እጅ አልቅሳ ብቻ የምታልፍ ሚና ትሆን ነበር። በሩት እጅ ግን ከባሏ ጋር ቁርስ ስታቀርብ እንኳ ምን እንደምታስብ ለማወቅ ዓይናችሁን ከእሷ አትነቅሉም።

እህታችን ሩት፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ፣ እኛ ቨርጂኒያ ያለን ኢትዮጵያውያን ሥራዎችሽን ተሰብስበን አይተናል። ለሚልድረድ ስለሰጠሻት ክብር እናመሰግንሻለን። ለክሌር ስላልፈረድሽባት እናመሰግንሻለን። ከአንዱ ሚና ወደ ሌላው ስትሄጂ ያለፈውን ይዘሽ ስለማትሄጂ፣ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ስለምታሳዪን እናመሰግንሻለን። ልጆቻችን ትወና መማር እንፈልጋለን ሲሉን ከእንግዲህ የምናሳያቸው አለን።

ከመዋጮው ወጪው ሁሉ ተከፍሏል፣ ዕዳ የለብንም። የተረፈው ገንዘብ ለልጆቻችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት መጻሕፍት ይገዛበታል። ሂሳቡን ማየት የሚፈልግ ደረሰኞቹን ጋሼ ካውንተር ላይ ያገኛቸዋል።

በአዘጋጆቹ ስም፣
አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ