አኮርዲዮንዎ የተወለደበትን አገር አገኘሁት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ? ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ሚጡ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። መነጽርዎን ካገኙ ደግሞ ራስዎ ይድገሟት።

ባለፈው በስልክ «ሥራ አገኘሁ» ስልዎት «ምን ሥራ?» እንዳሉኝ መስመሩ ተቆረጠ። በስልክ ባለመንገሬ አልቆጨኝም። ይኼ ነገር ተጽፎ እንዲደርስዎት ነው የምፈልገው።

አሁን ያለሁት ጣሊያን አገር፣ አንኮና አጠገብ፣ ካስቴልፊዳርዶ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ኮረብታ ላይ ነች፤ ከወዲያ ማዶ ባሕሩ ይታያል። ስሟን ሲሰሙ ትዝ የሚልዎት ነገር የለም? አኮርዲዮንዎ ላይ ያለው ያ የተላላጠ ወርቃማ ጽሑፍ! ግማሹ ጠፍቶ «ፊዳርዶ» የሚለው ብቻ ነበር የሚነበበው። እኔማ ልጅ ሆኜ የአኮርዲዮኑ ስም ይመስለኝ ነበር። «ፊዳርዶን አምጣልኝ» ይሉኝ ነበርና።

ፊዳርዶ አገሩ እዚህ ነው፣ አባባ። ፓኦሎ ሶፕራኒ የሚባል የገበሬ ልጅ በፈረንጅ 1863 ዓ.ም. እዚች ከተማ አኮርዲዮን መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አገሩ በሙሉ በዚሁ ሥራ ኖረ። ሙዚየም ሁሉ አለው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን የእርስዎን የመሰለ ቀይ አኮርዲዮን በመስታወት ውስጥ አየሁና ቆሜ ቀረሁ። ጠባቂዋ ሴትዮ «ደህና ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሥራዬ ጥገና ነው። አሠሪዬ የእርስዎ እኩያ ሽማግሌ ነው። ሁሉም ሰው «ማይስትሮ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ያድሳል። እኔ እፈታለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እበይዳለሁ። ቋንቋው ገና ቢሆንም የመሣሪያውን ስም አላስቸገረኝም። ካቻቢቴና ፒንሳ ሲለኝ ሳልጠይቀው አቀበልኩት። ገርሞት «ማን አስተማረህ?» አለ። አገራችን ያለ መካኒክ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው ስለው ብዙ ሳቀ።

ከዚህ በፊት ስለነበርኩበት ቦታ አልዋሽዎትም። የሁለት ወር ደሞዝ በልተውኝ ነው የወጣሁት። ያኔ ያልነገርኳችሁ እንዳታዝኑ ብዬ ነው። አሁን አልፏል፤ ማይስትሮ በየሳምንቱ አርብ በእጄ ይሰጠኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ባለፈው ወር ፋርፊሳ ኮምፓክት የሚባል ኦርጋን መጣልን። በፈረንጅ 1960ዎቹ ውስጥ የተሠራ ነው። እግሮቹ ታጥፈው ሆዱ ውስጥ ይገባሉ፤ ክዳኑን ሲገጥሙበት ሻንጣ ይሆናል። ከግራ በኩል ያሉት ቁልፎች ቀለማቸው ተገላብጧል። ነጭ መሆን የነበረበት ጥቁር ነው፤ የባስ ድምፅ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ከሥሩ በጉልበት የሚገፋ ማንሻ አለ። ተጫዋቹ በሁለት እጁ እየተጫወተ ማንሻውን በጉልበቱ ሲገፋ ድምፁ ይጮሃል፣ ይሰላል።

ከፍተን ስናየው 12 ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ ሰሌዳ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይኛውን ድምፅ ያወጣል፤ ከዚያ ያንኑ ለሁለት እየከፈለ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ሰሌዳ ሲታመም ያ ኖታ ከላይ እስከ ታች አብሮ ይታመማል። የኛ «ፋ» ነበረች። የትም ቢነኳት እንደ ጉንፋን ያዛት ሰው ነው የምትናገረው። ሁለት ቀን ፈጀን። በመጨረሻ አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ዕቃ ለወጥንና ማይስትሮ ተቀምጦ አንድ ዘፈን ሞከረ። ያ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ይቆርጣል፣ ያለቅሳል። ሰውዬው የ80 ዓመት ሽማግሌ መሆኑ ቀረ። ዓይኑን ጨፍኖ ጉልበቱን እየገፋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ታሪኩን የሚነግረኝ።

ፋርፊሳ ማለት «የተባበሩት የአኮርዲዮን ፋብሪካዎች» ለሚለው ስም ምህፃሩ ነው። በ1946 ሦስት የአኮርዲዮን ፋብሪካዎች ተጣምረው ነው ያቆሙት። ከዚያ እንግሊዞቹ እነ ቢትልስ መጡ። በሰኔ 1965 ሚላኖ፣ ጀኖቫና ሮማ ተጫወቱ። የጣሊያን ልጅ ሁሉ ፀጉሩን አሳደገ። «ካፔሎኒ» ይሏቸው ነበር፤ ባለ ረጅም ፀጉር ማለት ነው። አኮርዲዮን የአባቶች ነው ተባለ። ሰፈር ሁሉ ጊታርና ኦርጋን የያዙ አራት አምስት ልጆች ተሰበሰቡበት። ባንዱን «ኮምፕሌሶ» ይሉታል፣ ሙዚቃውን «ቢት»። የሚለማመዱት ጋራዥ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ባገኙበት ነው።

የማይስትሮ አባት የአኮርዲዮን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፅ የሚያወጣውን የአኮርዲዮን ምላስ ሲሞርድ ይውልና ማታ ሲገባ ልጁ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ግዛልኝ ይለዋል። እንዴት እንደሚያም ያስቡት። አገሩ ግን አልሞተም፤ እጁን አዞረ። አኮርዲዮን የሠሩ እጆች ኦርጋንና ጊታር ሠሩ። ሬካናቲ፣ ከዚህ ቅርብ ነው፣ ኤኮ የሚባል ጊታር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ካዩ ይስቃሉ። ያ የሚያብለጨልጭ የአኮርዲዮን ፕላስቲክ ለብሰዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያቸው እንኳ የአኮርዲዮን ነው የሚመስለው። ጊታር ልሁን ብሎ የመጣ ፊዳርዶ በሉት።

የዳንስ ቤቱን ነገር ልንገርዎት። ሮማ፣ ቪያ ታልያሜንቶ በሚባል መንገድ፣ ምድር ቤት ውስጥ ፓይፐር የሚባል ክለብ በፈረንጅ የካቲት 17 ቀን 1965 ተከፈተ። በመክፈቻው ማታ የተጫወቱት ኤኪፕ 84 እና ሮክስ የሚባሉ ባንዶች ናቸው። ማይስትሮ በኋላ ሄዶ አይቶታል። መብራቱ እየተለዋወጠ፣ ሰው ላይ ሰው ተጭኖ፣ ጥንድ ሆኖ መደነስ ቀርቶ እያንዳንዱ ለብቻው ሲንቀጠቀጥ። ከቬኔዚያ የመጣች ፓቲ ፕራቮ የምትባል ልጅ እዚያ ስትጨፍር ታየችና «የፓይፐር ልጅ» ተብላ አገር አወቃት።

ቀኑን በኛ አሰላሁት። የካቲት 10 ቀን 1957 ነው። የሰማዕታት ቀን ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው። እዚያ ሮማ ልጆቹ ሲጨፍሩ እርስዎ ከአያቴ ጋር ስድስት ኪሎ አበባ ልታኖሩ ትዘጋጁ ነበር። ይህን ለማይስትሮ ነገርኩት። ካቻቢቴውን አስቀምጦ ዝም አለ። ትምህርት ቤት ማንም እንዳልነገረው ነገረኝና ስንት ሰው እንደሞተ ጠየቀኝ። በዚያን ቀን ሬዲዮ አልከፈትንም።

ሬዲዮ ካልኩ፣ በዚያው በፈረንጅ 1965 በጥቅምት «ቢጫ ባንዲራ» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ሬንዞ አርቦሬና ጃኒ ቦንኮምፓኒ ነበሩ አዘጋጆቹ። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ክልክል ነው ብለው ይጀምሩ ነበር። ማይስትሮ አባቱን ከክፍሉ ያስወጣበት ነበር። አሁን ሲያወራው ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ካተሪና ካዜሊን ደግሞ እዩልኝ። ከሞዴና በኩል የመጣች የ19 ዓመት ልጅ። ዘፋኙ አድሪያኖ ቼለንታኖ አልፈልግም ያለውን ዘፈን ይዛ በ1966 ሳንሬሞ የሚባለው የዘፈን ውድድር ላይ ወጣች። ፀጉሯ እንደ ወርቅ ቆብ ነው። «ማንም ሊፈርድብኝ አይችልም» ነው ርዕሱ። አገሩ በሙሉ ዘፈነው። እማዬ የምትወደውን አንድሬያ ቦቼሊን በኋላ ለሰው ያወጣችው እሷ ነች።

አንዱን ርዕስ ስነግርዎት አይደንግጡ። «እግዚአብሔር ሞቷል» ይላል። ፍራንቼስኮ ጉቺኒ ጽፎት በ1967 ኖማዲ የሚባሉ ልጆች ተጫወቱት። የመንግሥት ሬዲዮ ስድብ ነው ብሎ ከለከለው። የቫቲካን ሬዲዮ ግን አጫወተው! ምክንያቱም መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ይነሣል። ቄሶቹ እስከ መጨረሻው ሰምተውታል። እኔ ይህን ስሰማ የኛን አባ አስታወስኩ። እሳቸውም ቢሆኑ ሳይሰሙ አይፈርዱም።

አባባ፣ አሁን የምለው ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ።

ሮክስ አራት እንግሊዛውያን ናቸው። ጣሊያንኛቸው እንደ እኔ ይሰባበራል። «የእኛ ጥፋት ምንድን ነው» የሚለው ትልቁ ዘፈናቸው ዜማው ቦብ ሊንድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በእንግሊዝኛው አንዲት ልጅ በባቡር ተሳፍራ ልትሄድ ነው። ሞጎል የሚባለው ገጣሚ ያን ሁሉ ትቶ ለጣሊያን ልጆች የራሳቸውን ብሶት ጻፈበት። የዚያን ዘመን ዘፈን ግማሹ እንዲህ ነው። ከውጭ ዜማ ይመጣል፣ እዚህ ሌላ ነፍስ ይዘሩበታል። ነገሩ ተመልሶም ሄዷል። ሮክስ ራሳቸው በ1966 ያወጡትን «አብረሽኝ አልቅሺ» አሜሪካኖች በዓመቱ በእንግሊዝኛ ዘፍነው ታወቁበት።

እርስዎም ስለ ውቤ በረሃ ሲነግሩን ይኼንኑ ነበር የሚሉት። «ማታ በሬዲዮ የሰማነውን ትዊስት በማግስቱ በአማርኛ እንጫወተዋለን፤ ግጥሙን እዚያው እናወጣለታለን» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እንግዳ ባለበት፣ «እሱማ የፈረንጅ ቅጂ ነው» አልኩዎት። አልተቆጡኝም። ፊዳርዶን አጥፈው አልጋ ሥር አስገቡት። ከዚያ በኋላ ሲያወጡት ያየሁት ለእህቴ ሠርግ ብቻ ነው።

ያን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ይዤው ዞርኩ። እዚህ መጥቼ የፈረንጁን ቅጂ በፈረንጁ ቤት ሳየው ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እርስዎ እንደ ማይስትሮ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዕድሜ፣ በዚያችው ከተማ በተሠራ ዕቃ፣ ያንኑ ሥራ ነበር የሚሠሩት። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ፊት ለፊት ብሆን እግርዎ ላይ ወድቄ ነበር የምለው።

እህቴ አኮርዲዮኑን ሊሸጡት እንዳሰቡ ነገረችኝ። እባክዎን አይሽጡት። ስለ እማዬ መድኃኒት አያስቡ፣ በወሩ መጀመሪያ እልካለሁ።

ማይስትሮን አኮርዲዮንዎ ላይ ስለ ተጣበቀው ድምፅ ጠይቄዋለሁ። ምላሶቹ የተያዙት በንብ ሰምና በሙጫ ነው። ሙቀት ያቀልጠዋል። ስለዚህ ከምድጃው ጎን ካለው አልጋ ሥር ዛሬውኑ ይውጣ። ዘይት የሚባል ነገር እንዳይነካው። አቁሞ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ትንንሾቹ የቆዳ ክዳኖች እንዳይጣመሙ። ሰሙንና ቆዳውን ከዚህ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ፤ እዚህ እንደ ስኳር በየሱቁ ነው የሚሸጠው።

ሚጡ፣ አንቺ ደግሞ ይህን አድርጊልኝ። አያትሽ አኮርዲዮኑን አንግተው ይቀመጡ። በቀኝ በኩል ያሉትን ቁልፎች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይጫኑ፣ መጀመሪያ ሲከፍቱ፣ ቀጥሎ ሲዘጉ። አንቺ በስልክ ቅጂው። የትኛው ምላስ እንደታመመ ማይስትሮ በጆሮው ይለየዋል። ሲጨርሱ ደክሟቸው ካልሆነ አንድ ዘፈን ይጫወቱልኝ። የፈለጉትን። ከውቤ በረሃ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እማዬን ሳሙልኝ። ጎረቤቶችን በሙሉ ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ